ክፍልህን ለካ፣ ከዚያ ሌንስ ግዛ

ሰሞኑን እዚህ ጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ካሜራ ሌንስ ናቸው። የምርቃቱም የሰርጉም ወቅት እየቀረበ ስለሆነ ይመስለኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ፤ መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከሥሩ የኔ መልስ ነው።

መርካቶ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ ተከራይቻለሁ። ካሜራዬ ክሮፕ ካኖን ነው፤ ያለኝ ሌንስ አብሮት የመጣው 18-55 ብቻ ነው። ለፖርትሬት (ለሰው ፎቶ) ፊፍቲ ልግዛ ወይስ ኤይቲ ፋይቭ (ባለ 50 ወይስ ባለ 85 ሚሊ ሜትር)? ጓደኞቼ «85 ካልሆነ አትልፋ» ይሉኛል።

ጓደኞችህ ስቱዲዮህን አይተውታል? ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሜትር ይዘህ ክፍሉን ለካ። የምሬን ነው።

የካሜራህ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው ክፍል) ከፉል ፍሬም፣ ማለትም የድሮውን ፊልም ያህል ከሚሰፋው፣ ያነሰ ነው፤ ክሮፕ የሚባለው እሱ ነው። የሌንስ ቁጥር ሲጨምር ሌንሱ አቅርቦ ያያል፣ የሚይዘው ቦታ ግን ይጠባል። ስለዚህ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 አባዛው። ፊፍቲው እንደ 80 ያያል፤ 85ቱ ደግሞ እንደ 136። ሰው ሁሉ የሚያወድሰው 85 ፉል ፍሬም ላይ የተገጠመው ነው። እሱን የሚተካልህ ፊፍቲው ነው።

አሁን ወደ ሜትሩ እንመለስ። አንድ ሰው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ፣ ከላይና ከታች ትንሽ አየር ቀርቶለት እንዲወጣ በ50 ወደ 4 ሜትር ተኩል መራቅ አለብህ። በ85 ከሆነ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ። የጀርባውን ጨርቅ ከሰውየው ሜትር ተኩል ራቅ ስታደርገው፣ አንተም መቆሚያ ስትፈልግ 10 ሜትር ይሞላል። መርካቶ ውስጥ 10 ሜትር ክፍል በርካሽ የሚያከራይ ካገኘህ እኔንም ጥራኝ። ከወገብ በላይ ለሚሆነው ግን ለፊፍቲው ሁለት ሜትር ከምናምን ይበቃዋል።

ስለዚህ 50 ኤፍ 1.8 ግዛ። ኤፍ የሚባለው ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ክብደቱ ከሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፣ ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱም ነው። ያለህ 18-55 መጨረሻው ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነው። 1.8 ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። መብራት ሲጠፋና መስኮቱ ብቻ ሲቀርህ ልዩነቱ ይገባሃል። የፊት ፎቶና ብርሃን የሚጠጣ ሌንስ ዝምድናቸው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ቪየና ውስጥ ጆሴፍ ፔትስቫል የተባለ የሒሳብ ፕሮፌሰር ለፖርትሬት ብሎ የቀመረው ሌንስ ኤፍ 3.6 ገደማ ነበር። ከዚያ በፊት ሰው ፎቶ ለመነሳት ደቂቃ የሚያልፍ ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቀመጥ ነበር።

18-55ቱን ግን እንዳትሸጠው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሙሉ ቁመት ሲጠይቁህ 35 ላይ አድርገህ ትገላገላለህ።

አንዲት ሙሽራ «አፍንጫዬን አሳበጥከው» ብላ ተቀየመችኝ። ሌንሱ ነው ጥፋተኛው?

አይደለም፣ እግርህ ነው። በጣም ተጠግተሃታል። አፍንጫ ከጆሮ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ይወጣል እንበል። አንተ አፍንጫዋ ፊት ግማሽ ሜትር ላይ ከቆምክ አፍንጫዋ ከጆሮዋ አንፃር ሩብ ያህል ገዝፎ ይታያል። ሁለት ሜትር ስትርቅ ግን ልዩነቱ ከመቶ 6 ያህል ብቻ ይሆናል። ዓይንም የሚለምደው ይህንን ነው።

ሰፊ ሌንስ ፊት ያበላሻል የሚባለው እንድትጠጋ ስለሚጋብዝህ ነው። ባለ 24 ሌንስ ይዘህ ሁለት ሜትር ላይ ቁምና አንሳ፤ ከዚያ ፊቷን ብቻ ቆርጠህ አውጣ። ጥራቱ ይቀንሳል እንጂ አፍንጫዋ ልክ ነው። ሁለት ሜትር ላይ ቆመህ ፊት ሙሉ እንዲወጣልህ ነው ረዘም ያለ ሌንስ የሚያስፈልግህ። ለሙሽራዋ ደግሞ አንድ ፎቶ በነፃ ድገምላት። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ ይሮጣል።

በ1.8 ሳነሳ አንዱ ዓይን ጥርት ይላል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ተመራቂዎችን ሁለት ሦስት አድርጌ ሳነሳ ደግሞ አንዱ ብቻ ነው የሚወጣው። ሌንሴ ተበላሽቶ ይሆን?

ሌንስሽ ደህና ነው። በክሮፕ ካሜራ፣ በ50፣ አንድ ሜትር ላይ ሆነሽ በ1.8 ስታነሺ ጥርት የሚለው ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ልጅቷ ፊቷን ትንሽ ዘወር ካደረገች አንዱ ዓይን ከዚያ ውጭ ነው። ለአንድ ሰው 2.8 አድርጊው። የፎከስ ነጥቡን ካሜራው እንዲመርጥልሽ አትተዪለት፤ አንድ ነጥብ ይዘሽ ወደ አንቺ የቀረበው ዓይን ላይ አሳርፊው።

ለተመራቂዎች 4 ወይም 5.6። ጋዋን ለብሰው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሲቆሙ በአንድ መስመር አሰልፊያቸው፤ ወላጆችም ከተጨመሩ 8 አድርጊው። «ባክግራውንዱ ብለር ይሁን» ብለው ከጨቀጨቁሽ ከግድግዳውና ከዛፉ አርቀሽ አቁሚያቸው። ብለር በቁጥሩ ብቻ አይመጣም።

ሀበሻ ቀሚስ የለበሰ ሰው ሳነሳ ፊቱ ይጠቁርብኛል። የተሻለ ሌንስ ልግዛ?

አትግዢ። ካሜራው ነጭ ቀሚስና ነጠላ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። የብርሃን መለኪያውን ስፖት (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው) ላይ አድርጊና ፊቷ ላይ ለኪ፤ ወይም የብርሃን ማካካሻውን ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ወደ ፕላስ ውሰጂው። የጥልፉ ነጭ እንዳይቃጠል ግን ስክሪኑ ላይ አረጋግጪ። ለሌንስ ያሰብሽውን ገንዘብ ለነጭ ሪፍሌክተር (ብርሃን ወደ ፊት መላሽ ሰሌዳ) አውጪው። እሱም ከጠፋ ነጭ ፎም ይበቃል።

ሌንሴ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር አየሁ። በጨርቅ አልጠረግ አለኝ።

ሻጋታ ነው ወንድሜ። እኔም ደርሶብኛል። ውድ የነበረውን 85ቴን በቆዳ ቦርሳው ከትቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ክረምቱን ሙሉ ዞር ብዬ አላየሁትም። መስከረም ላይ ለሰርግ ሳወጣው መስታወቱ ላይ ነጭ ሐረግ በቅሎበታል። ያሳየሁት ጠጋኝ ፈታውና ጠረገው። ድሩ ወጣ፣ ሽፋኑ ላይ የበላው ጠባሳ ግን አልወጣም። ዛሬም ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል።

የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። ቡና ነጋዴ እርጥብ መጋዘን ውስጥ ቡናውን አያሳድርም፤ እኛ ግን ከብዙ ኩንታል ቡና የሚወደድ መስታወት እርጥብ ቁም ሳጥን ውስጥ እንወረውራለን። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ግዛ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበህ ክተትበት፤ ሲጠግቡም ቀይራቸው። የእርጥበት መለኪያ ካገኘህ ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ይሁንልህ። ሩዝ የሚሉህን አትስማ፣ አቧራ ነው ትርፉ። ቆዳ ቦርሳ ለመንገድ እንጂ ለማሳደሪያ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን ሌንስህን ተጠቀምበት። የታመመውን ደግሞ ከጤነኞቹ ለይተህ አስቀምጠው።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙም የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በአንድ ወገን አስገቡና በሌላው እዩት። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካላችሁ እናንተም ገንዘብ የላችሁም።

ኒኮን ዲ3500 አለኝ። የገዛሁት ያገለገለ 50 ፎከስ አያደርግልኝም፤ ሻጩ ደግሞ ይሠራል ይላል።

ሁለታችሁም እውነት ብላችኋል። ሌንሱ ኤኤፍ-ዲ የሚል ነው አይደል? ሞተር የለውም፤ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ውስጥ ያለ ሞተር ነው የሚያዞረው። ያንተ ቦዲ ያ ሞተር የለውም። የራሱ ሞተር ባለው በኤኤፍ-ኤስ ቀይረው፣ ወይም በእጅ እያዞርክ ልመድ።

ሞዴል ይዘን ጂሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ልንወጣ ነው። 70-200 (ረጅሙን ዙም ሌንስ) ልከራይ?

መጀመሪያ የግቢውን ኃላፊዎች ፈቃድ ጠይቂ። ከዚያ ሐሳብሽን ወስኚ። 70-200 ኤፍ 2.8 ከርቀት ስታነሺበት ከኋላ ያለው ነገር ወደ ሞዴሏ ተስቦ ይመጣል፣ ይገዝፋል። የልብስ ፎቶ ከሆነ ያምራል። ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን ክንድሽን አዘጋጂ። ግን የእንጨት ሰገነቱን ሁሉ ብለር ልታደርጊው ከሆነ ጂሬን ድረስ ምን አወጣሽ? ከከተማ ጓሮ ያለ ቅጠል ይበቃሽ ነበር። እኔ ብሆን 35 እና 50 ይዤ እወጣለሁ፤ ቤቱም ሰውም እንዲታዩ። ቀን 6 ሰዓት ላይ አትሂዱ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሻላል። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ የሰገነቱ ጥላ አለላችሁ።

በ1970ዎቹ የገዛሁት ዜኒት ካሜራ አለኝ። ሌንሱ ላይ ሄሊዮስ 44-2 ይላል። ልጄ ዲጂታል ካኖን ልካልኛለች። ይገጥማል? የልጅ ልጄን ላነሳበት ነበር።

ጋሼ፣ ይገጥማል። ሌንስዎ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ነው፤ የሚጠመጠመው በ42 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው። ለካኖን የሚሆን ቀጭን የብረት ቀለበት አለ፤ አዲስ አበባ ካሜራ ቤቶች ያስጠይቁ። ኒኮን ቢሆን ኖሮ ችግር ነበር፤ መስታወት የሌለው ቀለበት ሩቁን ፎከስ አያደርግም።

ካኖንዎ ክሮፕ ከሆነ እንደ 93 ያይልዎታል፤ ለፊት ፎቶ የተመቸ ነው። ይህ ሌንስ ሰው የሚወደው በ2 ሲከፈት ከኋላ ያለውን ቅጠል እንደ ሽክርክሪት ስለሚያዞረው ነው። ክሮፕ ላይ ዳር ዳሩ ስለሚቆረጥ ሽክርክሪቱ ቀለል ይላል፣ ግን አይጠፋም። የቡና ወይም የአቮካዶ ዛፍ ከኋላ ካለ ይሞክሩት።

ፎከሱም ብርሃኑም በእጅ ነው፤ እርስዎ ከኔ ይልቅ ይችሉበታል። የልጅ ልጅዎ ቁጭ ብላ የምትስል ዓይነት ከሆነች በመጀመሪያው ቀን ይሳካልዎታል። ግቢውን የምትዞር ዓይነት ከሆነች ግን ከረሜላ ያዘጋጁ።