50 ብዬ ጻፍኩ፦ ማኅበራዊ ጥናት ለምትማሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በ1987 ዓ.ም. ሁለተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ገና አፍላ ወጣት ነኝ። የደረሰኝ ወሎ ውስጥ ያለ የገጠር ቀበሌ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ጥጥ የሚፈትሉ እናት አገኘሁ። ስማቸውን ጻፍኩ። ዕድሜ የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አንተው አይተህ ጻፈው» አሉኝ። ፊታቸውን አየሁ። 50 ብዬ ጻፍኩ።

እንዲህ ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንዳለብን በሥልጠናው ላይ ተነግሮን ነበር። ጣልያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? ሲዳሩ ስንት ዓመት ሆኗቸው ነበር? በ66ቱ ድርቅ የመጀመሪያ ልጃቸው ምን ያህል ደርሶ ነበር? እንዲህ እንዲህ እያሉ ወደ እውነቱ መጠጋት ይቻላል። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነበር። አላደረግኩትም።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መምህራችን የአገራችንን የዕድሜ ስርጭት በግራፍ አሳየን። 30 ላይ ተራራ፣ 40 ላይ ተራራ፣ 50 ላይ ተራራ። 49 እና 51 ላይ ገደል። «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ ዝም አለ። እኔ ግን አውቀው ነበር። ከ50ው ተራራ ላይ አንዷ ጠጠር የእኔ ናት።

የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን የዕድሜ ክምችት በዊፕል መለኪያ ይለኩታል። ማንም ሰው ዕድሜውን ካላጠጋጋ መለኪያው 100 ይሆናል። ሁሉም በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ከተናገረ 500 ይደርሳል። ቀመሩን በአንድ ሰዓት ትማሩታላችሁ። ጠጠሯ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ለማወቅ ግን ደጃፉ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ደጃፍ ነው።

የማስተርስ ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ቢሮዬ ይመጣሉ። «ጋሼ፣ የትኛውን ቴስት ልጠቀም?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ እጠይቃቸዋለሁ። ይህን ጥያቄ ማን ጠየቀ? በምን ቋንቋ? ሴትዮዋ ስትመልስ ባሏ አጠገቧ ነበር? ብዙዎቹ አያውቁም። መጠይቁን ሌላ ሰው ሞልቶ፣ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ፣ እነሱ ጋ የደረሰው ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የተደረደረ ቁጥር ብቻ ነው። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። እንዲህ አድርገን ያስተማርናቸው እኛ ነን።

በአገራችን መስክ ላይ ከሁሉ የከበደኝ ነገር ይሉኝታ ነው። ገበሬውን «ስንት ከብት አለዎት?» ብትሉት ቀንሶ ይነግራችኋል። ግብር ሊሆን ይችላል ብሎ ይፈራል። እርዳታ ሊመጣ ይችላል ብሎም ያስባል። የከብትንና የልጅን ቁጥር ጮክ ብሎ መናገር ዓይን ያስገባል ብሎ የሚያምንም አለ። «የምግብ እጥረት ገጥሟችሁ ነበር?» ስትሉት ደግሞ ጎረቤት እየሰማ ተርበናል አይልም። «ተመስገን፣ ደህና ነን» ይላችኋል። ይህን ሰው ዋሸ አትበሉት። እንግዳ ሆናችሁ ደጁ ቆማችኋል፤ እሱም ለእንግዳ እንደሚመለስ መለሰ። የእናንተ ሥራ ጥያቄውን እውነት ለመናገር የሚመች ማድረግ ነው። ለብቻ ቦታ መቀመጥ፣ አጠቃላዩን ትቶ ስለ ትናንትና እራት መጠየቅ፣ መልሱ የትም እንደማይሄድ ነግሮ ቃልን መጠበቅ።

ቃላትም ያስታሉ። «ሥራ አለሽ?» ስትባል «የለኝም» ያለችኝን አንዲት ሴት አልረሳም። ቃለ መጠይቁ ሳያልቅ ሁለት ሰው መጥቶ ከእሷ ጠላ ገዝቶ ሄደ። ለእሷ ሥራ ማለት ደመወዝ ነው። ጥያቄውን «ባለፉት 7 ቀናት ለገቢ ብለሽ አንድ ሰዓት ያህል እንኳ የሠራሽው ነገር አለ?» ብዬ ብለውጠው ኖሮ መልሷ ሌላ ነበር። የዓለም አቀፉን የሥራ መለኪያ ያወጡ ሰዎች አንድ ሰዓትን መነሻ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። «ቤተሰብዎ ስንት ነው?» የሚለውም እንዲሁ ነው። አንዲት እናት 6 አሉኝ። ብቆጥር ቤቱ ውስጥ 5 ሰው ነው ያለው። ስድስተኛዋ ቤይሩት ናት፤ ከሄደች 4 ዓመቷ። «ልጄ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኛ የፈለግነው አንድ ላይ የሚኖሩትንና ከአንድ ማዕድ የሚበሉትን ነበር፤ የጠየቅነው ግን ሌላ ነው። ልጅቷ የምትልከው ገንዘብ ገቢው ላይ ተመዝግቦ እሷም ነዋሪ ተብላ ከተቆጠረች፣ የነፍስ ወከፍ ገቢው ከዚያው ተበላሸ።

ከውጭ የተተረጎመ መጠይቅ ሲደርሳችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። አንድ አዛውንትን «የመንገዱ መሠራት ኑሮዎን አሻሽሏል በሚለው ሐሳብ ምን ያህል ይስማማሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አምስቱን ምርጫ ከ«በጣም እስማማለሁ» ጀምሬ አነበብኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «እንዲህ ያለው ማነው?» አሉኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ስንቴ ገበያ እንደወጡ ብጠይቃቸው በደስታ ይነግሩኝ ነበር። መጠይቃችሁን ለናሙናችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ለ10 ሰው ሞክሩት። ከዚያ «ይህን ስጠይቅዎ ምን የጠየቅኩ መሰለዎት?» በሏቸው። ከብዙ የሜቶዶሎጂ ገጾች ይልቅ እነዚያ 10 ሰዎች ያስተምሯችኋል።

አሁን ወደ ናሙና ልምጣ። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ 384። ስለ ሰጎን ይሁን ስለ ባንክ፣ ናሙናው 384 ነው። 10 በመቶ መልስ ለማይሰጡ ይጨመርና 423 ይሆናል። ያማኔ የሚባለውን ሌላ የናሙና መጠን ማስሊያ ቀመር የመረጠም ከዚያው አካባቢ አያመልጥም፤ በ5 በመቶ የስህተት ልክ ከ400 በላይ አይወጣምና። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ግን ስጠይቅ የሚመልስልኝ ጥቂት ነው።

የመጣው ከዚህ ነው። የምትፈልጉት አንድ መቶኛ ብቻ ነው እንበል፤ ለምሳሌ የጤና መድን ያለው ሰው ስንት በመቶ ነው የሚል። እውነተኛው ቁጥር ምን እንደሆነ ስለማታውቁ ግማሽ በግማሽ ነው ብላችሁ ትነሳላችሁ፤ ትልቁን ናሙና የሚጠይቀው ግምት እሱ ነው። 95 በመቶ እርግጠኝነትና 5 በመቶ የስህተት ልክ ትወስዳላችሁ። ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የተመደበው ቁጥር 1.96 ነው። እሱን በራሱ አባዙት፣ በ0.25 (ግማሽ ሲባዛ በግማሽ) አባዙት፣ ለ0.0025 (0.05 በራሱ ሲባዛ) አካፍሉት። 384.16። በቃ። እያንዳንዱ ሰው ከጠቅላላው ዝርዝር በዕጣ ሲመረጥ ይህ ይሠራል።

እናንተ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አታደርጉም። 4 ቀበሌ ትመርጡና ከእያንዳንዱ 96 ቤት ትጠይቃላችሁ። የአንድ ቀበሌ ሰው አንድ ዝናብ ይዘንብለታል፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ አንድ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ይመሳሰላል። 96 ሰው ጠይቃችሁ የ96 ሰው ያህል አዲስ ነገር አልሰማችሁም። ቀበሌው ውስጥ የሰው ቁጥር ከመጨመር ቀበሌ መጨመር የሚሻለው ለዚህ ነው። ደግሞም ጥያቄያችሁ በሴት የሚመራን ቤት ከሌላው ማወዳደር ከሆነ፣ ከ384ቱ ውስጥ በሴት የሚመሩት 40 ብቻ ሆነው ቢገኙ ምን ትሉ ይሆን? ያን ጊዜ ናሙናችሁ 384 መሆኑ አያድናችሁም። ቀመር ከመፈለጋችሁ በፊት ምን ልታወዳድሩ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሄዳችሁ ጤፍ ገዢውን ተመልከቱት። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ጤፍ አይቶ አይገዛም። ሹል ብረቱን ጎኑ ላይ ወግቶ ከመሃል ያወጣል፣ ከሥርም ያወጣል፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ያያል። ጆንያው ትልቅ ቢሆንም ብዙ እፍኝ አያወጣም። የሚጨነቀው ከየት እንደሚያወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ አንድ መጽሔት ለፕሬዚዳንት ምርጫ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ሩዝቬልት ይሸነፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። ከጆንያው አፍ ላይ ዘገነ ማለት ነው። ዛሬ መጠይቁን ቴሌግራም ላይ ለቅቆ «የአዲስ አበባ ወጣቶች» የሚል ርዕስ የሚሰጥ ሰውም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ስለ ትንተናው አጠር አደርገዋለሁ። በእጃችሁ ጀምሩ። የ10 ቤት የወር ገቢ ወረቀት ላይ ጻፉ። ዘጠኙ 4,000 ብር፣ አንዱ ነጋዴ 60,000 ብር ይሁን። አማካዩ 9,600 ይመጣል። በመንደሩ ውስጥ 9,600 የሚያገኝ አንድም ሰው የለም። ገቢዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው መካከለኛው ቁጥር ግን 4,000 ነው። ይህን አንዴ በእጁ ያሰላ ሰው አማካይ ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ፒ-ቫልዩን በተመለከተ ደግሞ፣ ከ0.05 ያነሰ ሲመጣ «ተረጋገጠ» አትበሉ። ቁጥሩ የሚለው፣ ልዩነት ጨርሶ ባይኖር ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድሉ ይህን ያህል ነው ብቻ ነው። ምንም ግንኙነት የሌላቸውን 20 ነገሮች ብትፈትሹ በአማካይ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ ይወጣል። ሠንጠረዡ ላይ የጉልህነት ኮከብ ያለበትን መርጦ ሌላውን መደበቅ አንባቢን ማታለል ነው። ይህን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ፤ በእንዲህ ያለ ግኝት ላይ ተመሥርቶ የሰው ገንዘብና ጊዜ ሲባክን አይቻለሁና።

ለልምምድ የሚሆን ጥሩ ዳታ አለ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል። የ2016ቱ 645 የቆጠራ ቦታዎች ላይ ከ16,000 በላይ ቤቶችን ያነጋገረ ነው። ሪፖርቱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ናቸው ይላል። በ2000 ይህ ቁጥር 58 በመቶ ነበር። የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ይህ ነው፤ 38ቱን ራሳችሁ አውጡት። መጀመሪያ አይመጣላችሁም። የናሙና ክብደቱን፣ ማለትም አንዱ ቤት ስንት ቤት እንደሚወክል የሚናገረውን ቁጥር፣ ረስታችኋል፤ እንደ ሐረሪ ያሉ ትንንሽ ክልሎች ከሕዝባቸው በላይ ናሙና ተወስዶላቸዋል፣ ክብደቱ ካልገባ ውጤቱን ይጎትቱታል። ከዚያ ቀኖቹ ግራ ያጋቧችኋል። ዳታው ላይ ያሉት ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ ፈረንጆቹ ለማምጣት 92 ወር ይጨመራል። ከዚያ አንዳንድ ሕፃናት ቁመታቸው 9999 ሆኖ ታገኛላችሁ። እሱ ቁመት አይደለም፣ መረጃ የለም ማለት ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለውን ኮድ ሳላወጣ አማካይ አስልቼ ለአለቆቼ አቅርቤያለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ሪፖርት ተመልሶ መጣ። 38 ላይ ስትደርሱ ከማንኛውም ኮርስ የበለጠ ተምራችኋል።

ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ለምን የሚለውን ጥያቄ ቁጭ ብሎ ማውራት ይመልሰዋል። ስለዚያ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍላችኋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። መረጃ ሰብሳቢ ሆናችሁ ስትወጡ፣ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ውሻ አለ፣ አበሉም ትንሽ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀሪዎቹን ከራስ መሙላት ያምራል። አትሞክሩት። እናንተ የዘለላችሁት ቤት ውስጥ የቀነጨረ ልጅ ካለ፣ ያ ልጅ ለወረዳውም ለሚኒስቴሩም የለም ማለት ነው። የጥናት መሪ ከሆናችሁ ደግሞ አበሉን በሰዓቱ ክፈሉ፣ ከሰብሳቢዎቹ ጋር በእግር ሂዱ፣ ከየአሥሩ ቤት አንዱን ራሳችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ሰዎቹን ስትለዩም «እናመሰግናለን» ብላችሁ አትጥፉ። በየቀበሌው «ያ ሁሉ የጠየቃችሁን የት ደረሰ?» ተብዬ አፍሬያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጥናት ስንጨርስ ውጤቱን ይዘን ወደ መንደሩ ተመለስን። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ነበር። በዚህ ቀበሌ አንድ ቤት ውኃ ለመቅዳት በአማካይ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል ብዬ አነበብኩ። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። «መሄጃው ነው፣ ወይስ መሄጃና መመለሻው?» አለችኝ። መጠይቁን አወጣሁት። አልጻፍነውም ነበር። «እንግዲያው ወረፋውንም አልቆጠራችሁትም» አለች። ብዕር አውጥቼ ከሰዎቹ ጋር እንደገና መቁጠር ጀመርን። መሄጃ፣ ወረፋ፣ መመለሻ።