ካርቶኗን ልጣለው ወይስ ላቆየው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ከሀዋሳ ነኝ። አክስቴ ድሮ ፈረንጆች ቤት ስትሰራ የሰጧትን አሻንጉሊት ከነካርቶኗ ለኔ ሰጠችኝ፣ ፊቷ ያልተወለወለ ሸክላ ነገር ነው፣ ማጅራቷ ላይ አርማንድ ማርሴይ፣ ጀርመኒ፣ 390 ይላል። ካርቶኑ ጥጉ ተቀዷል፣ በፕላስተር ልለጥፈው ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትጥይው እህቴ! ፕላስተሩንም ተይው፣ ሙጫው ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ያ ፊት ቢስክ የሚባለው ነው፣ ማለትም ግሌዝ (የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ያልተቀባ ፖርሴሊን። አርማንድ ማርሴይ የጀርመን አሻንጉሊት አምራች ነው፣ 390 እንኳን በጣም በብዛት የተመረተች ሞዴሉ ስለሆነች ሚሊየነር እሆናለሁ ብለሽ እንዳትጠብቂ፣ ግን ካርቶን ቶሎ ስለሚጣል ከነካርቶኗ መገኘቷ ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው። ዊጓ በቀላሉ የሚነሳ ከሆነ ቀስ ብለሽ አንሺና ጭንቅላቷ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብሪ፣ ስንጥቅ ካለ እንደ ጥቁር ፀጉር መስመር ሆኖ ይታይሻል፣ ያኔ ዋጋዋ ይወርዳል። አይኗ ስትተኛ የሚከደን ከሆነ ደግሞ በፊቷ ደፍተሽ አስቀምጫት፣ ውስጥ ያለው ክብደት አይኗን እንዳይነቅለው። ብቻ በፌስታል ጠቅልለሽ እንዳታፍኛት፣ ሐይቅ ዳር እርጥበት አለ፣ ሰውነቷ ከሰጋቱራና ከሙጫ የተሰራ ከሆነ ያብጣል።