«ሽያጭ ነው ወይስ ኢንጂነሪንግ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጅማሬ ትዝ አለኝ። በሜካኒካል ተመርቀሻል። ቃሊቲ ያለ ማሽን አስመጪ ድርጅት «አፕሊኬሽን ኢንጂነር» ብሎ ሊቀጥርሽ ነው። ትምህርቴን ረስቼ ነጋዴ ሆኜ እቀራለሁ ብለሽ ሰግተሻል። እኔ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ከአቃቂ እስከ ዱከም፣ በዚያ በኩል ደግሞ ሰበታ ድረስ ብዙ ፋብሪካ ረግጫለሁ።

ሥራው ኢንጂነሪንግ ነው። ሴልሱ ደንበኛውን ያመጣል፤ ዕቃው ለዚያ ፋብሪካ ይሆናል አይሆንም የምትይው ግን አንቺ ነሽ። ፕሮፎርማ ላይ የሚጻፈውን ሞዴል አንቺ ትመርጫለሽ። ከተሳሳትሽ የሚታወቀው ዕቃው ከጅቡቲ ተጭኖ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብን አልፎ፣ ከተተከለ በኋላ ነው። ያኔ መመለሻ የለውም።

በመጀመሪያው ዓመቴ ገላን አካባቢ ላለ ፕላስቲክ ፋብሪካ ኮምፕረሰር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ለማሽኖች የሚሰጥ መሣሪያ፣ መረጥኩ። ማሽኖቹ የሚፈጁትን አየር ደመርኩ፣ ካታሎጉን ከፈትኩ፣ ቁጥሩ ገጠመልኝ። ከተተከለ በኋላ ግን ሁሉም ማሽን አንድ ላይ ሲነሳ ግፊቱ ይወርድ ጀመር። ቴክኒሽያኖቹ የሚያፈስ ቧንቧ ፈለጉ፣ ፊልተር ቀየሩ። ምንም የለም። ስህተቱ የኔ ነበር። የካታሎጉ ቁጥር የሚለካው በባሕር ጠለል አየር፣ በ1 ባር ግፊት ነው። እዚያ ግን ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር አካባቢ ነው። ኮምፕረሰሩ የሚስበው ሊትር ያው ነው፤ አየሩ ግን ስስ ነው። ተጨምቆ 7 ባር ሲደርስ አንድ አምስተኛው ያህል ይጎድላል። ባለቤቱ ማሽኑን የገዛው በባንክ ብድር ነበር። ሁለተኛ ትንሽ ኮምፕረሰር ለመጨመር እንደገና ገንዘብ አወጣ። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር አሁንም ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ከፍታውን ነው። መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ኔምፕሌቱ (መግለጫው የተጻፈበት ሰሌዳ) ላይ የተጻፈው ኃይል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚሠራ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል) የሌለው የናፍጣ ጀነሬተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ፓምፕም እንደዚያው። በባሕር ጠለል ውሃን ከታች ለመምጠጥ በስሌት 10 ሜትር ገደማ አለሽ፤ አዲስ አበባ ዙሪያ 8 እንኳ አይሞላም፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ረስተሽ ከመሬት በታች ካለ ታንከር የሚስብ ፓምፕ ከሰጠሽ፣ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይጮሃል፤ ብዙም ሳይቆይ ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል፣ ኢምፔለሩ፣ ተበልቶ ያልቃል።

ስለዚህ ቢሮ ተቀምጠሽ አትምረጪ። ሳይት ውረጂ። ሥራ አስኪያጁን ሰላም በይና የጥገና ኃላፊውን ፈልጊ። የድሮው ማሽን በምን እንደተቃጠለ የሚያውቀው እሱ ነው። ኔምፕሌቱን ፎቶ አንሺ። ቮልቴጁን ፋብሪካው በሙሉ ኃይል ሲሠራ ራስሽ ለኪ፤ 380 ነው ስላሉሽ ብቻ 380 ብለሽ አትጻፊ።

ጥድፊያው ከባድ ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ እኛ ዘንድ ፕሮፎርማ የሚጸናበት ቀን አጥሯል። ደንበኛውም ሴልሱም «ዛሬውኑ ጨርሺልን» ይሉሻል። ሳይት ያላየሽውን አትፈርሚ።

ደመወዙን በተመለከተ፣ የአንቺ ክፍያ ከኮሚሽን ጋር ባይታሰር እመርጣለሁ። እንጀራሽ በሽያጩ ላይ ከተንጠለጠለ «አይሆንም» ማለት ይከብድሻል።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ «ይህ ማሽን ለዚህ ደንበኛ አይሆንም ብዬ ብጽፍ ማን ይሽረዋል?» የቴክኒክ ክፍሉ ቃል ይጸናል ካሉሽ ግቢ። እንደ ደንበኛው ይታያል ካሉሽ ግን ሌላ ቦታ ፈልጊ።