«ጣልቃ ገባ» ወይስ «ተዘፈቀ»?

ጥያቄ፦ «ኢምብሮይልድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ባልደረቦቼ «በጦርነቱ ጣልቃ ገባች» ብለው ይተረጉሙታል። እኔን አይጥመኝም። ምን ይሉኛል? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ልክ ነው፤ እኔንም ለዓመታት ያንገበገበኝ ጉዳይ ነው። ጣልቃ ማለት በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ጣልቃ የሚገባ ሰው አስቦና ፈቅዶ ይገባል፤ ስለዚህም ይወቀሳል ወይም ይመሰገናል። የእንግሊዝኛው ግስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በተደራጊ መልክ ይመጣል፤ ባለቤቱ ሳይፈልግ ጣጣ ውስጥ የገባ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የተጎተተውን እንደ ወራሪ መጻፍ ነው።

«ግሱ ከመጥበስ የመጣ ነውና ‹ተማገደች› ይባል» የሚሉም አሉ። ተሳስተዋል። ሥጋ የሚጠበስበት «ብሮይል» ሌላ ግስ ነው፤ የገጠመው ድምፁ ብቻ ነው። የእኛው ምንጩ የፈረንሳይኛው «አምብሩዬ» ነው፦ ማደባለቅ፣ ማወሳሰብ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ደርሶባት ፈረንሳይኛን በጆሮዋ ስትሰማ ለኖረች ከተማ ይህ ቃል ባዕድ አይደለም። የጣሊያንኛው «ኢምብሮሊዮ» የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ፈረንሳዮች ጭጋግን «ብሩያር» የሚሉትም ከዚሁ ቤት ነው።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ «ተጠላለፈ» ነው። እዚህ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ከሚሰፉት ሰዎች ደጃፍ ቆመው ይመልከቱ። ክሩ ከጨርቁ ሥር ሲቋጠር ሰፊው መርገጫውን ወዲያው ያቆማል፤ ቢጎትተው ይብስበታል። በመቀሱ ጫፍ ቀስ ብሎ አንድ አንዱን ክር ይፈታል። ጨርቁ ምንም አላጠፋም፤ ግን ተይዟል። የግሱ ነፍስ እዚህ አለ። «ተዘፈቀ» ሲባል ግን እኔ የሚታየኝ ወጥ ውስጥ የገባ እንጀራ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ማመን አለብኝ። «ተጠላለፈ» ተደራራጊ ስለሆነ ሁለት ወገን ይሻል፤ «ሁለቱ ወንድማማቾች በውርስ ክስ ተጠላለፉ» ሲባል ያምራል፣ «ሀገሪቱ በጦርነት ተጠላለፈች» ሲባል ግን ያነክሳል። ይባስ ብሎ የፈረንሳይኛውን ሥር «መረቅ» ማለት ከሆነ የጥንት ጀርመናውያን ቃል ጋር የሚያዛምዱ ሊቃውንት አሉ። እውነት ከሆነ የእንጀራውና የወጡ ነገር እኔ የናቅሁትን ያህል ሩቅ አይደለም። ጋዜጣውም ሬዲዮውም «ተዘፈቀች» ካለ ቆይቷል፤ አንባቢም ለምዶታል። ለሀገርና ለጦርነት እሱን ይጻፉ፤ አልቃወምዎትም። እኔ ግን እስከ ዛሬ በብዕሬ አላሰፈርሁትም።