መልስ፦ በፐብሜድ ላይ ፍለጋን ስለ ማጥበብ

አስፕሪን ፕሪኢክላምፕሲያን (በእርግዝና ወቅት የደም ግፊት ከፍ የሚልበትን በሽታ) ይከላከል እንደሆነ ለማወቅ ጥያቄዎን እንዳለ በፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች በሚፈለጉበት የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ ጽፈው ሲፈልጉ፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ብዙ ጽሑፍ እንደመጣብዎ ገልጸዋል። በእኔ እምነት መፍትሔው የሚጀምረው ጥያቄውን ወደ ፍሬ ሐሳቦቹ ከመከፋፈል ነው፤ እዚህ ላይ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ በሽታውና መድኃኒቱ። የእያንዳንዱን ተመሳሳይ ስሞች ሰብስበው «ኦር» (OR፣ «ወይም») በሚለው ቃል ያያይዙና በቅንፍ ውስጥ ያስገቧቸው፤ ከዚያም ሁለቱን ቅንፎች በ«ኤንድ» (AND፣ «እና») ያገናኙ። ፐብሜድ እነዚህን ማያያዣዎች ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል ስለሚያስፈጽም፣ ያለ ቅንፍ የተጻፈ ፍለጋ ያላሰቡትን ውጤት ሊሰጥዎ ይችላል።

ተመሳሳይ ስሞችን ለማግኘት የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀውን፣ ሜሽ የተባለውን የቃላት መዝገብ ይመልከቱ። እዚያ ፕሪኢክላምፕሲያ ቀደም ሲል «የእርግዝና ቶክሲሚያ» ይባል እንደነበር ያገኛሉ፤ ይህን ስም የማያውቅ ሰው የቆዩ ጥናቶች ሊያመልጡት ይችላሉ። ሆኖም በሜሽ ብቻ እንዳይወሰኑ አደራ እላለሁ፤ የሜሽ ቃል ገና ያልተሰጣቸው አዳዲስ ጽሑፎች የሚገኙት በርዕሳቸውና በአጽሕሮታቸው ውስጥ ባሉት ተራ ቃላት ነው።

«ኖት» (NOT፣ «ሳይጨምር») የሚለውን ማያያዣ ግን ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ለማስወገድ ብለው ቢጽፉት፣ ሰውንም እንስሳንም አብሮ ያጠናውን ጽሑፍ ጭምር ከውጤቱ ያስወጣብዎታል።