ነፋሱ ድንቼን አጠወለገው፤ ውሃ ልጨምር?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ ነው የማርሰው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሩብ ሄክታር ድንች በመስኖ ተከልኩ። የፈራሁት ውርጭን ነበር፤ እሱ ቀረና ነፋስና ሙቀት መጣብኝ። ከገና ወዲህ ነፋሱ ሌሊትም አያርፍም። ቀትር ላይ ቅጠሉ ስለሚጠወልግ በየቀኑ በሞተር አጠጣለሁ፤ የወንዙ ውሃ ግን እየቀነሰ ነው። ውሃ ልጨምር ወይስ ሌላ መላ አለው? በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ብተክልስ? ሁለት ክልስ ላሞችም አሉኝ፤ ወተታቸው ቀንሷል።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ውሃ አይጨምሩ። እንዲያውም በየቀኑ ማጠጣቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ቤንዚኑም ውሃውም እየባከነብዎት ነው።

ቀትር ላይ የሚያዩት መጠውለግ ሁልጊዜ ጥማት አይደለም። ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ሲገናኙ ከቅጠሉ የሚወጣው እርጥበት ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል፤ አፈሩ እርጥብ ቢሆንም ቅጠሉ ይወድቃል። ስለዚህ ማሳዎን በቀትር አይፍረዱት። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሄደው ይዩት። ቅጠሉ ቀና ብሎ ካደረ ደህና ነው። ያኔም እንደጠወለገ ካገኙት ከመደቡ ጎን አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቆፍረው ከሥር ያለውን አፈር በእጅዎ ይጨብጡት። ተጨብጦ ካልያዘና እንደ ዱቄት ከፈሰሰ በእርግጥ ተጠምቷል።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ማለዳም ከጠወለገ ግን ሌላ ነገር እንጠርጥር፤ ባክቴሪያ አጠውልግ የሚባለውን በሽታ። ይህ በሽታ ሙቀት ይወዳል፣ በመስኖ ውሃም ከመደብ ወደ መደብ ይሻገራል። መለየቱ ቀላል ነው። የጠወለገውን ተክል ግንድ ከታች ቆርጠው፣ ጫፉ ብቻ እንዲነካ አድርገው ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳያንቀሳቅሱ ያቁሙት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ በሽታው ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነፍሬው ነቅለው ከማሳው ያርቁ፣ በዚያ ቦይ የሚያልፈውንም ውሃ ወደ ሌላው መደብ አያሳልፉ።

በሽታው ካልሆነ ወደ ውሃው እንመለስ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲያጠጡ የሚረጥበው የላይኛው አፈር ብቻ ነው፤ እሱንም ነፋሱ እስከ ማታ ይጨርሰዋል። ሥሩም ውሃ ወዳለበት ወደ ላይ ይቀራል፣ ይበልጥም ይጎዳል። በ5 ወይም በ6 ቀን አንዴ፣ እርጥበቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ ያጠጡ። ጊዜው ማለዳ ይሁን፣ ነፋሱ ሳይበረታ። ወንዙ ከከዳዎት ደግሞ ቦዮቹን በፈረቃ ያጠጡ፦ በዚህ ዙር አንዱን አጠጥተው ቀጣዩን ይዝለሉ፣ በሚቀጥለው ዙር የተዘለለው ይጠጣል። ምርቱ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ማሳውን በሙሉ ከማጣት ግን ይሻላል።

እኔን ከጥሙ በላይ የሚያሳስበኝ ስንጥቁ ነው። መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ በእንዲህ ዓይነቱ አየር ሲሰነጠቅ የድንች እሳት እራት በስንጥቁ ገብታ ፍሬው ላይ እንቁላል ትጥላለች። አንድ በጋ ሰንዳፋ በኩል አንድ ማሳ ውስጥ ገብቼ ነበር። ስንጥቁ ጣቴን እስከ አንጓው ያስገባል። ከሥሩ ያወጣሁት ድንች ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ዓይኑ አጠገብ ግን ጥቁር ዱቄት የመሰለ ኩስ ነበረበት። ስሰነጥቀው ውስጡ በሙሉ በጠባብ መንገድ ተቦርቡሯል። ገበሬው ከዚያን ቀን በፊት አንድም ምልክት አላየም። ስለዚህ ካጠጡ በኋላ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ደህና አድርገው ያስታቅፉት (አፈሩን ወደ ተክሉ ግርጌ ይከምሩት)፣ ስንጥቁን ይድፈኑ፣ በመደቡም ላይ ገለባ ወይም አሮጌ ሣር ያልብሱት። ገለባው ነፋስ እንዳይወስደው በላዩ ጥቂት አፈር ጣል ያድርጉበት።

ባሕር ዛፉን ለማሳ ዳር አልመክርዎትም። በምኒልክ ዘመን የገባው ለአዲስ አበባ ማገዶና የቤት እንጨት ችግር ነው፤ በዚያ ሥራውም ብዙ ጠቅሟል። ከድንች አጠገብ ሲሆን ግን ያንኑ ያጠራችሁን ውሃ ይሻማል። ለዘንድሮ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ጭራሮ አጥር ይሥሩ። ድፍን ግድግዳ አያድርጉት፤ ነፋሱ ከላይ ዘሎ ከኋላው ይገለበጥና ሰብሉን ይመታል። ግማሹን የሚያሳልፍ ሳሳ ያለ አጥር ነው የሚያበርደው። ከቁመቱ 10 እጥፍ ያህል ርቀት ይከላከላል፤ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ 15 ሜትር ያህል ማለት ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ሜዳ የበጋ ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ይመጣል፤ ቢሆንም ዘንግ ላይ ጨርቅ አስረው የእርስዎን ማሳ አቅጣጫ ያረጋግጡ። ለዘለቄታው በክረምት መግቢያ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ይትከሉ። ደጋ ይስማማዋል፣ ቅጠሉም ለላሞችዎ መኖ ነው። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ግን ይገድለዋልና ከፍ ያለውን ዳር ይምረጡለት።

ውርጩ ቀረ ብለው ደግሞ እንዳይዘናጉ። ነፋስ በሌሊት ሲነፍስ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ እንዳይረጋ ያደርገዋል፤ ዘንድሮ ያዳነዎት አንዱ ነገር ይኸው የሚያማርሩት ነፋስ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ድንገት ቆሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት የበዙበት ማታ ካጋጠመዎት ያ ሌሊት ያስፈራል። እንዲህ ያለ ማታ እንደሚመጣ ከሰዓት በኋላ ከጠረጠሩ ተራውን ሳይጠብቁ ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል።

ሙቀቱ ክሽክሽም፣ ማለትም የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት፣ ያበዛል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ይዩ። መርጨት ካለብዎት ነፋስ እያለ በፍጹም አይርጩ፤ መድኃኒቱ ላሞቹ በሚግጡት ሣር ላይ ያርፋል፣ ከዚያም ወደ ወተቱ። ክሽክሽ ከበዛበት ማሳ ለዘር የሚሆን ድንችም አያስቀሩ፤ የቫይረስ በሽታ ያስተላልፋል።

ላሞቹን በተመለከተ መጀመሪያ የምጠይቅዎት በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣሉ ብዬ ነው። ከወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ድርቆሽ የምትበላ የምትታለብ ክልስ ላም በእንዲህ ያለ ቀን ከ60 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ ጠዋትና ማታ ወንዝ መውረድ አይበቃትም። ጥላ ባለበት በገንዳ ቀኑን ሙሉ ይኑርላት። ፀሐይ የመታው ድርቆሽ ብቻውን ስለማይበቃ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨምሩላት። ክምሩንም ለሁለት ከፍለው አራርቀው ያስቀምጡ፤ በዚህ ነፋስ አንድ የእሳት ፍንጣሪ የዓመቱን መኖ ይወስዳል።

የብርጭቆውን ሙከራ ነገ ማለዳ ያድርጉትና ያዩትን ይጻፉልኝ።