ከመንግሥት ሥራ ልለቅ ነው፤ የቀረበልኝን ቅጥር ልቀበል?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ዳይሬክተር ነኝ። ከሦስት ወር በኋላ በፈቃዴ ሥራ እለቃለሁ። ከእኛ ጋር ለዓመታት የሠራ አንድ የግንባታ ድርጅት በአማካሪነት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ የደመወዝ ነገርም አንስቶልኛል። የፈረምኩት ነገር የለም። ድርጅቱ አሁን እኔ በምመራው አንድ ጨረታ ላይ ተወዳዳሪ ነው። ከለቀቅኩ በኋላ የፈለግኩበት ቦታ መሥራት መብቴ አይደለም ወይ?

መልስ፦ መሥራት መብትዎ ነው። አሁን የሚያሳስበኝ ግን ከለቀቁ በኋላ ያለው ጊዜ ሳይሆን ከፊትዎ ያለው ሦስት ወር ነው። ሊቀጥርዎ የሚፈልገው ድርጅት ጨረታ እርስዎ እጅ ላይ ነው። ከዚያ ጨረታ ዛሬውኑ ይውጡ።

ለበላይ ኃላፊዎ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ድርጅቱ የሥራ ግብዣ እንዳቀረበልዎት፣ መቼ እንዳቀረበ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ እሱን በሚመለከት በማንኛውም ውሳኔ እንደማይሳተፉ ይግለጹ። በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ቅጂውን ይያዙ። በቃል መናገር አይበቃም። ነገ ጥያቄ ቢነሳ የሚያድንዎት ቀን ያለበት ወረቀት ነው።

«አልፈረምኩም» ማለት ብዙም አያስጥልም። የአሜሪካን ሕግ ብንወስድ፣ አንድ ባለሥልጣን ጉዳዩን በያዘለት ድርጅት ለመቀጠር መደራደሩ ራሱ ወንጀል ነው። በአየር ኃይሉ የግዥ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረችው ዳርሊን ድሩየን የተፈረደባት በዚህ ነው። የቦይንግን ትልቅ የአውሮፕላን ውል እየተደራደረች፣ በጎን ደግሞ እዚያው ስለመቀጠሯ ትነጋገር ነበር። ንግግሩ የተጀመረው ቦይንግ ውስጥ በምትሠራው ልጇ በኩል ነው። በ2004 የ9 ወር እስራት ተፈረደባት። የቦይንግ የፋይናንስ ኃላፊም ታሰረ። ስለዚህ ወሬው በዘመድ ወይም በወዳጅ በኩል መጣ ብለው አይዘናጉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የትኛው አገር እንደሚሠሩ አልጻፉልኝም፤ የመቆያው ጊዜ ርዝመት ደግሞ፣ ማለትም ከለቀቁ በኋላ እንዲህ ካለው ሥራ የሚታቀቡበት ጊዜ፣ ከአገር አገር ይለያያል። መነሻው ግን ተመሳሳይ ነው። በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 12 ላይ አገሮች ሊወስዷቸው ከሚችሏቸው እርምጃዎች መካከል የቀድሞ ባለሥልጣናትን ቅጥር ለተመጣጣኝ ጊዜ መገደብን ይጠቅሳል። ገደቡ የሚመለከተው ሰውየው ከያዘው ወይም ከተቆጣጠረው ሥራ ጋር በቀጥታ የተገናኘውን ሥራ ነው። ይህ ለእርስዎ ጥሩም መጥፎም ዜና ነው። ሌላ ዘርፍ ውስጥ ቢቀጠሩ የሚነካዎት ነገር ትንሽ ነው። የመረጡት ግን ውል የሰጡትን ድርጅት ነው።

የአገሮች ልዩነት የሚታየው ምን እንደሚከለክሉ ሲታይ ነው። ፈረንሳይ ቅጥሩን ራሱን ትከለክላለች። የተቆጣጠሩት ወይም ውል የተዋዋሉት ድርጅት ውስጥ 3 ዓመት ሳይሞላ መግባት እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 200,000 ዩሮ መቀጮ ያስከትላል። በሥራም ይሁን በምክር ወይም በአክሲዮን፣ ሕጉ ሁሉንም ያነሳል። «አማካሪ» የሚለው ማዕረግ እዚያ መሸሸጊያ አይሆንም፤ ሌላም ቦታ አልመካበትም።

የአሜሪካ ሕግ በአብዛኛው ቅጥሩን ትቶ ጉዳይ ማስፈጸሙን ይይዛል። አንድ ሰው ራሱ በዋናነት በሠራበት ጉዳይ ላይ ሌላውን ወክሎ መንግሥት ፊት መቅረብ ለዘለቄታው አይችልም። ከፍተኛ ኃላፊ ከነበረ ደግሞ ለ1 ዓመት የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን በማንኛውም ጉዳይ ማግባባት አይችልም። እርስዎን የሚመስል የግዥ ሰው ላይ ግን ሕጉ ይጠነክራል። ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ውል ላይ ወሳኝ ሚና የነበረው ሰው ከዚያ ድርጅት ለ1 ዓመት ምንም ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሠራተኞች ከወጡ በኋላ ለ2 ዓመት አዲስ ሥራ ከመያዛቸው በፊት ማመልከት አለባቸው። ካናዳ ከፍተኛ ኃላፊዎችን ለ5 ዓመት ከማግባባት ሥራ ታግዳለች።

የእርስዎ ሕግ የትኛውን መንገድ እንደያዘ ይለዩ፤ ቅጥሩን ነው የሚከለክለው ወይስ ጉዳይ ማስፈጸሙን? ማስፈጸሙን ብቻ ከሆነ መቀጠር ይችላሉ። ያኔ የቅጥር ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገቡ፦ ገደቡ እስኪያልቅ የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን በሚመለከት ጨረታ፣ ውል ወይም ክርክር ላይ እንደማይመደቡ። ድርጅቱ ይህን አንቀጽ ከተቃወመ እኔ ብሆን አልገባም። የሚገዛው ሙያዎን ሳይሆን የቢሮዎን በር ነው።

ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ደግሞ ከመቆያው ጊዜ ጋር አብሮ ያበቃል ብለው አያስቡ። የተወዳዳሪዎች ዋጋ፣ የግምገማ ነጥብ፣ ገና ያልወጣ የግዥ ዕቅድ ከእርስዎ ጋር መውጣት የለበትም። ሲለቁ ፋይል በፍላሽ አይገልብጡ፤ ወደ ግል ኢሜይልዎም አይላኩ። ሰው በደግ ልቡ «የራሴ ሥራ ነው» ብሎ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ንጹሕ ሐሳቡን ማስረዳት ከባድ ነው። ያካበቱት ልምድና እውቀት ግን የራስዎ ነው። ማስተማር፣ መጻፍ፣ ከቀድሞ ሥራዎ ጋር ያልተያያዘ ፕሮጀክት መምራት ብዙ ጊዜ ችግር የለውም።

የመልቀቂያ ደብዳቤውን አሁኑኑ አያስገቡ። መጀመሪያ የሥነ ምግባር ጉዳዮችን ለሚከታተለው ክፍል የአዲሱን ሥራ ዝርዝር አያይዘው በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ይቆዩ ከተባሉ ጊዜው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ያስጽፉ፤ ከጨረታው ከወጡበት ነው ወይስ ከመጨረሻው የሥራ ቀንዎ? በዚያ መካከል ያለ ደመወዝ የሚቆዩት እርስዎ ስለሆኑ፣ አዲሱ ቀጣሪ እስከዚያ ቦታውን ይይዝልዎት እንደሆነም አሁኑኑ ይጠይቁት። ይህን ንግግር ግን ከጨረታው መውጣትዎን የሚገልጸው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ያድርጉት።